እሺ ይበልጣል ከሺህ

እስቲ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ልጁ ከአንድ ትልቅ ነጭ መሣሪያ ፊት ቆሟል። የመሣሪያው ሆድ እንደ በርሜል ክፍት ነው፤ ከፊቱ ጠባብ አልጋ ተዘርግቷል። እናቱ የፈቃድ ወረቀቱን አንብባ ፈርማለች። አንዲት ተመራማሪ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከዓይኑ ትክክል አድርጋ፣ «አሁን ምን እንደምናደርግ ልንገርህ» ትለዋለች። ከዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ የሚከተለው ንግግር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ስለ ጥናቱ በሚታተመው ዘገባ ውስጥም ቢበዛ አንድ መስመር ቢያገኝ ነው። ዳሩ ግን ከጥናቱ ክፍሎች ሁሉ እጅግ ከባዱ የሞራል ጥያቄ የሚገኘው በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ ነው። ይኸውም፦ አንድ ዐዋቂ ከልጅ የሚፈልገው ነገር እያለ፣ ያንኑ ነገር ለልጁ በእውነት ሊገልጽለት ይችላልን?

ይህ ትዕይንት ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ የልጆችን የአንጎልና የግንዛቤ እድገት የሚከታተል፣ «ኤ.ቢ.ሲ.ዲ.» በሚል አኅጽሮተ ቃል የሚታወቅ ሰፊ ጥናት አለ። ልጆችን መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ21 የምርምር ጣቢያዎች አማካይነት ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆነ ወደ 12,000 የሚጠጉ ልጆችን ይዞ፣ ለዐዋቂነት እስኪበቁ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ሊከተላቸው የተነሣ ነው። ልጆቹ በየሁለት ዓመቱ ኤም.አር.አይ. በተባለው መሣሪያ ውስጥ እየተኙ የአንጎላቸው ምስል ይነሣል፤ እተኙበት ሆነው ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ። የጥናቱ ግብ የሚናቅ አይደለም። የአንጎል እድገት ከእንቅልፍ፣ ከድህነት፣ ከአደንዛዥ ዕፅ፣ ከትምህርት ጋር ያለው ግንኙነት ዐዋቂን በመመርመር ሊታወቅ አይችልም። ልጅን ለማወቅ የግድ ልጅን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያው በመሠረቱ ኃይለኛ ማግኔት ነው። በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ለማግኔቱና ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጠውን ምላሽ እየለቀመ ምስል ይሠራል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር አይጠቀምም። ይሁን እንጂ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ስለሚችል ጆሮ መሸፈን ያሻል፤ ብረት ወደ ክፍሉ አይገባም፤ የተኛውም ሰው ራሱን ሳያንቀሳቅስ መቆየት አለበት። የዚህ ዓይነት ምስል ሊሠራ እንደሚችል ፖል ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አሳየ። በ1990 ደግሞ ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሁኔታ ሲለዋወጥ ምስሉም እንደሚለዋወጥ አመለከቱ። ዛሬ «አንጎል ሲሠራ የሚያሳይ ምስል» የሚባለው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ መሣሪያው የሚያየው ሐሳብን ሳይሆን የደምን ጉዞ ነው።

ይህን ልዩነት ለልጅ መንገር የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ልጅ «አንጎልህን እናያለን» ሲባል «ምሥጢሬን ሊያዩብኝ ነው» ብሎ ሊፈራ ይችላልና። በዚህ ረገድ አማርኛችን የታደለ ነው። አንጎል ሌላ፣ አእምሮ ሌላ ነው። አንጎል ከራስ ቅል ውስጥ ያለው አካል ነው፤ አእምሮ ግን ከግእዙ «አእመረ» የተገኘ በመሆኑ ማወቅንና ማስተዋልን ያመለክታል። ልጅን ስናስጠነቅቅማ «አንጎል በል» አንለውም፤ «ልብ በል» እንለዋለን። አማርኛ ተናጋሪ የሆነች ተመራማሪ ለልጁ «አንጎልህን ፎቶ እናነሣለን፤ ልብህ ያሰበውን ግን አናውቅም» ብትለው እውነትን በሁለት ሐረግ ጨረሰች ማለት ነው። የሙያው ሰዎችም ይህን ትሕትና በራሳቸው ላይ አስመስክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስተኝተው የሰዎች ሥዕል አሳዩት። ስሌቱ ተገቢው እርማት ሳይደረግበት ሲታይ የሞተው ዓሣ አንጎል «የሠራ» መሰለ። ቀልዱ ቁም ነገር ነበረው፤ ምስሉ ራሱ አይናገርም፣ የሚናገረው ተርጓሚው ነውና።

በዚህ ላይ አንድ የታወቀ ተቃውሞ ይነሣል። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ማግኔትና ስለ ሃይድሮጅን ምን ያውቃል? ወላጅ ፈቅዷል፤ ለልጁ ማስረዳት ለወጉ ያህል ነው» የሚሉ አሉ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው የአበው ብሂልም ለዚህ አስተሳሰብ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ተቃውሞው መረዳት የሚባለውን ነገር በተሳሳተ ስፍራ ይፈልገዋል። ወረቀቱን የፈረመችው እናትስ ስለ ሃይድሮጅን ምን ታውቃለች? አብዛኞቻችን ዐዋቂዎች የመሣሪያውን ፊዚክስ ሳናውቅ እንተኛበታለን። ለመስማማት የሚያስፈልገው ዕውቀት ሌላ ነው፤ እርሱም ሦስት ነው። በእኔ ላይ ምን ይደረጋል? የሚደረገው ለማን ጥቅም ነው? እምቢ ብል ምን ይደርስብኛል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሳምሮ ይረዳል። እንዲያውም ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ ኑሮ በየቀኑ የሚማረው እነርሱኑ ነው። እንግዲህ የገለጻው ችግር ያለው በልጁ የመረዳት ዐቅም ላይ አይደለም፤ በዐዋቂው የመናገር ድፍረት ላይ ነው። ዐዋቂው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ፈላጊ ደግሞ አንደበቱ ይጣፍጣል።

የጣፈጠ አንደበት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታሪክ ያሳየናል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፈርናልድ በተባለ አዳሪ ተቋም፣ ከ1946 እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ኩዌከር ኦትስ የተባለው የምግብ ኩባንያ በደገፈው ሥራ፣ በተቋሙ የሚኖሩ ወንዶች ልጆችን አጥንተዋል። ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ብረት ወይም ካልሲየም ከሚበሉት የአጃ ገንፎና ከሚጠጡት ወተት ጋር ተጨመረ። ልጆቹ ግን የተነገራቸው «የሳይንስ ክበብ» አባል መሆናቸው ነበር። ክበቡ ስጦታ ነበረው፤ የቤዝቦል ጨዋታ ለማየት ከግቢ መውጣት ነበረው። ለወላጆች የተላከው ደብዳቤ ራዲዮአክቲቭ ስለሚባል ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ነገሩ በሰፊው የታወቀው በ1993 መጨረሻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ በ1995 ባቀረበው ዘገባ፣ መጠኑ አነስተኛ ስለነበር በልጆቹ ጤና ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ መገመት እንደሚያስቸግር ገለጸ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ጥያቄያችን የሚጠጥረው እዚህ ላይ ነው። ጉዳት ካልደረሰ በደል አለን? ጉዳትን ብቻ የሚቆጥር ሰው «የለም» ሊል ይችላል። የልጆቹ በደል ግን ገንፎው ውስጥ አልነበረም፤ «ክበብ» በሚለው ቃል ውስጥ ነበር። ክበብ ሰው ወዶ የሚገባበት፣ አባል የሚሆንበት፣ ከወንድሞቹ ጋር የሚቆምበት ስፍራ ነው። ወገን ለናፈቀ አዳሪ ልጅ ከዚህ የሚጥም ቃል አይገኝም። ተመራማሪዎቹ ያንን ናፍቆት እንደ መሣሪያ ተገለገሉበት። ሰው ራሱ ሳያውቅ የሌላው ዓላማ መገልገያ ሲሆን፣ አካሉ ባይቆስልም ሰውነቱ ተዋርዷል።

ሕግም ቀስ በቀስ ወደዚህ ግንዛቤ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረንበርግ ድንጋጌ የሰውን ነጻ ፈቃድ ከሁሉ አስቀደመ፤ ስለ ልጅ ግን ለይቶ የተናገረው አልነበረም። በ1964 የሄልሲንኪ መግለጫ ለልጅ አሳዳጊው ይፍቀድ አለ። በ1983 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ግን ሁለት ነገሮችን ለየ፦ የወላጅ ፈቃድንና የልጁን የራሱን ይሁንታ። ከዚህም አልፎ፣ ልጁ ስላልተቃወመ ብቻ ተስማምቷል ሊባል እንደማይገባ ደነገገ። በእኛ ዘንድ በታላላቆች ፊት ዝም ማለት የጨዋ ልጅ ምልክት ስለሆነ፣ ይህ አንቀጽ ለእኛ አስተዳደግ ልዩ ትርጉም አለው። ዝም ያለ ልጅ ፈርቶ ይሁን፣ አፍሮ ይሁን፣ ወድዶ ይሁን፣ ካልተጠየቀ አይታወቅም።

አሁን ወደ እኛ ሙያ፣ ወደ ቃል ሙያ እንምጣ። ተመራማሪዎች ልጆችን ለማደፋፈር ምሳሌ ይጠቀማሉ። መሣሪያው የጠፈር መንኮራኩር ነው ይሏቸዋል፤ ልጁ ጠፈርተኛ ነው፤ ድምፁ የሞተሩ ነው። ከዋናው ቀን በፊትም ማግኔት በሌለው የመለማመጃ መሣሪያ ውስጥ ያስተኟቸዋል፤ ድምፁን ያሰሟቸዋል። ባለቅኔ ይህን ሊነቅፍ አይችልም፤ ምሳሌ የማይታወቀውን በሚታወቀው የምናይበት መስኮት ነውና። ይሁንና ሰምና ወርቅን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሰሙ ወርቁን ይገልጠዋል ወይስ ይሰውረዋል? «መንኮራኩር እንደሚጮህ ይጮሃል፤ ጠፈርተኛ ጸጥ እንደሚል አንተም ጸጥ ትላለህ» ማለት ይገልጣል። ግን ጠፈርተኛ በመንገድ ላይ «ይበቃኛል፤ ልውረድ» ሊል አይችልም፤ ልጁ ግን ይችላል። ስለዚህ ምሳሌው እዚህ ላይ መሰበር አለበት። ተመራማሪዋ መንኮራኩሩን አቁማ፣ «ይህ ጨዋታ አይደለም። ይህን ጉልላት የመሰለ ጎማ በእጅህ ትይዛለህ፤ ስትጫነው እኛ እንሰማለን፤ መውጣት ከፈለግህ ወዲያው እናወጣሃለን፤ ማንም አይቆጣህም» ልትለው ይገባል። የምሳሌ ጨዋነት የሚለካው መቼ ዝም እንደሚል በማወቁ ነው።

ከዚህ የከበዱ ሌሎች እውነቶችም አሉ። አንደኛው፣ ጥናቱ ልጁን ለማከም የሚደረግ አለመሆኑ ነው። ሐኪም ቤት የሚመስል ስፍራ የገባ ልጅ ሊታከም የመጣ ይመስለዋል፤ «ይህ አንተን አያድንህም፤ ምናልባት ወደፊት ሌሎች ልጆችን ይጠቅም ይሆናል» ተብሎ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛው፣ ያልተፈለገ ነገር ሊታይ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ውጤት፣ ከዚሁ ጥናት ልጆች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ምስል ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታይቷል፤ አብዛኛው የማያሠጋ ሲሆን፣ ከ25 በአንዱ ገደማ ላይ የታየው ግን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። ሦስተኛው፣ ምስሉ ስሙ ተነሥቶለት ለሌሎች ተመራማሪዎች የሚሰጥ መሆኑ ነው። አራተኛው ክፍያ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ካሉት ጨዋታዎች አንዱ ራሱ ትንሽ ገንዘብ የሚያስገኝ ነው። ለደከመ ሰው ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ድሃ ቤተሰብ እምቢ ማለት እስኪሳነው ድረስ ከበዛ፣ ስጦታው እንደዚያ ክበብ ይሆናል።

«ይህን ሁሉ የሰማ ልጅ እምቢ ቢልስ? ሳይንስ አይጎዳምን?» ይባል ይሆናል። ይጎዳል፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የአንጎልን ምስል ከሰው ጠባይ ጋር አገናኝቶ የሚታመን ውጤት ለማግኘት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። ብዛት በተፈለገ መጠን የመለማመጥ ፈተና ይበረታል። እርግጥ ነው፣ ተገድዶ የተኛ ልጅ ይቁነጠነጣል፤ የተቁነጠነጠ ራስም ምስሉን ያበላሻል፤ የተታለለም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ አይመጣም። እንዲህ እያልን ቅንነት ለሳይንስ እንደሚበጅ ልናስረዳ እንችላለን። ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ከተደገፍን እውነትን ለጥቅሟ ብለን ወደድናት ማለት ነው። ቅንነት ምስሉን ባያጠራም፣ ቁጥሩንም ቢያሳንስ፣ ለልጁ የሚገባው ነው። ዕውቀት ከልጅ የሚወሰድ ስጦታ እንጂ ግብር አይደለም።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ሕዝባችን። ይህን ብሂል ለልጅ ስንነግረው ብዙውን ጊዜ ታዘዝ ማለታችን ነው። በአማርኛ መታዘዝም መስማማትም በአንዲት «እሺ» ስለሚነገሩ፣ የትኛውን እንደ ሰማን ሳናውቅ እናልፋለን። መለያው ግን አንድ ነው፤ በአጠገቡ «እምቢ» ቆሞ ያልነበረ እሺ፣ እሺ አይደለም። መምህር በክፍሉ፣ የመድረክ ሰው ልጆችን በሚያሰለጥንበት አዳራሽ፣ ወላጅ በቤቱ፣ ሁሉም ያችን ጎንበስ ያለች ተመራማሪ ነው፤ ከልጅ የሚፈልገው ነገር አለውና። ተመራማሪዋ ተናግራ ስትጨርስ የሚቀራት ሥራ ዝም ብላ መጠበቅ ነው። ልጁ መሣሪያውን ያያል፣ እናቱን ያያል፣ ያስባል። በዚያች ጸጥታ ውስጥ አሥራ ሁለት ሺህ ልጆች የሉም፤ አንድ ልጅ ብቻ አለ። ያ ልጅ አስቦ የሚላት እሺ ከሺህ ትበልጣለች። እምቢ ካለም ጫማውን ያደርጋል፣ የእናቱን እጅ ይይዛል፣ ተመራማሪዋም እስከ በሩ ትሸኘዋለች።