ሮቤል ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ



ዮሴፍን በ20 ብር የሸጡት ባዕዳን ሳይሆኑ የአባቱ ልጆች ናቸው (ዘፍ. 37፥28)። ከእነርሱ መካከል ሮቤል ሊያድነው አስቦ ነበር፤ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ባጣው ጊዜም ልብሱን ቀደደ። ነገር ግን በደም የተነከረው ቀሚስ ለያዕቆብ ሲቀርብ እርሱም እንደ ወንድሞቹ ዝም አለ። ሽማግሌው አባትም ልጄን አውሬ በላው እያለ ስንት ዘመን አለቀሰ!

ዛሬም እኅቶቻችንን በስውር ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አንዳንዴም የክርስትና አባት። በሰው መነገድን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄዱ አስቀድመው በሙያ እንዲሠለጥኑ ተደንግጓል። ለጠቋሚና ለምስክር ጥበቃ የሚሰጥ ሕግም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለጆሯችን እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በደርግ ዘመን በጥቆማ ልጁን ያጣ ብዙ ነው። ያ ጥቆማ ግን ንጹሑን ለገዳይ አሳልፎ ይሰጥ ነበር፤ ይህኛው ልትሸጥ ያለችውን ያስጥላል።

መምህራን ሆይ፣ ከትምህርት የቀረች ልጅ ብትኖር ቤቷ ድረስ ሂዱ። ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ፣ ገንዘቡን ማን እንዳበደራት፣ ውሉን ማን እንዳነበበላት ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ለወላጆቿ ንገሩ፤ ወላጆቿ የተስማሙበት ከሆነም ለፖሊስ።

በልጅነቷ በሱዳን ተሰርቃ የተሸጠችው የቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በዓል በየካቲት መባቻ ይውላል። በዕለቱ ቅዳሴ፣ ከቁምስናችን ወጥተው ድምፃቸው የጠፋብንን ልጆች እናስባለን፤ ስማቸውን አስቀድማችሁ ለካህኑ አምጡ።