ብድር መመለስ ለማይችል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከልጆቻችን አንዳንዶቹ «ሰው ለሰው የሚሠዋው በተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ሳይንስ ደርሶበታል» ይሉናል። ስለ ጠየቁን አንቆጣም።

እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን በ1964 እ.ኤ.አ. ያሰላው ይህን ነው፤ ፍጥረት ለዘመዱ ሲጎዳ በዘመዱ ውስጥ ያለው የራሱ ዘር ይተርፋል። ንብ ነድፋ የምትሞተው ለቀፎዋ፣ ለእኅቶቿ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ትሪቨርስ ደግሞ በ1971 ዘመድ ያልሆኑት የሚረዳዱት ብድር ስለሚመላለሱ ነው አለ። ሩቅ አንሂድ። በየወሩ ለእኅት ለወንድም የምንልከው ሐዋላ ፊተኛው ነው፤ ዕቁባችን ኋለኛው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ጌታችን ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሚወዱንን ብቻ መውደድ ኃጢአተኞችም የማያጡት እንደሆነ ነግሮናል።

በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ደጅ ስንቆም፣ እናቶች ከልጆቻቸው ቀንሰው ይሰጡን ነበር። ነገ ወደ ሌላ ደብር እንደምንሄድ እያወቁ። (ውሾቻቸው እንኳ አልራሩልንም።)

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዚሁ ከመካ የተሰደዱ ሰዎች ባሕር ተሻግረው አክሱም ገቡ። የቁረይሽ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው «አሳልፈህ ስጠን» ቢሉት፣ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ እጅ መንሻውን መልሶ ስደተኞቹን አስቀረ። ዘመዶቹ አልነበሩም፤ ሃይማኖታቸውም የእርሱ አልነበረም።

ይህንንም «ስም ለማትረፍ ነው» የሚል አይጠፋም። ይበል። የሃሚልተንን ስሌት ያሰፋው ጆርጅ ፕራይስ ራሱ በ1970 በክርስቶስ አመነና ለንደን ላይ ገንዘቡንና ዕቃውን ለቤት አልባዎች አደለ፤ ቤቱንም ከፈተላቸው። ቀመሩን እርሱን ያህል የሚያውቅ አልነበረም፤ ከመስጠት ግን አላገደውም። ጌታ የሞተው ለዘመድ ወይም ለባለ ብድር ሳይሆን ገና ጠላቶች ሳለን ለእኛ እንደሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል።

ከአሠሪዋ ቤት የወጣች፣ ኢቃማ የሌላት፣ እዚህ ጅዳ ታማ የተኛች እኅት አለች። ሙስሊም ናት። አንዳንዶቻችሁ «የእኛው ሳይሞላ?» ብላችኋል። እውነት ነው፣ የእኛም አልሞላም። እርሷ ግን አገሯ ከገባች ዳግም አናገኛትም፤ ብድር የምትመልስበት መንገድ የላትም። የመውጫ ወረቀቷ አልቋል፤ የቀረው የአውሮፕላን ትኬቷ ነው። ያላችሁን እስከ ዓርብ ለገንዘብ ያዧ እኅታችን በእጅ አድርሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።