ሣሩን አይታችሁ አትምረጡ

ልጄ፣ ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችሁ በፊት ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ከውጭ የሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው የቤቱን ነገር ነው፤ ለቡ ላይ ኪራይ ስንት ነው፣ ጀሞ ላይ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል ይላል። ትምህርት ቤቱ የሚታሰበው ሻንጣው ከተፈታ በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በነሐሴ ጥድፊያ የተመዘገበ ልጅ የገና በዓል ሳይደርስ ሌላ ትምህርት ቤት ሲፈለግለት እዚሁ ላፍቶ ሰፈራችን ውስጥ አይቻለሁ። የሚጎዳው ደግሞ ልጁ ነው፤ ከቨርጂኒያ ጓደኞቹ በተለየ በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና ከአዳዲስ ጓደኞቹ ይለያል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ከማማረጣችሁ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ነገር ወስኑ፤ ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚጨርሱት የት ነው? የባለቤትሽ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው ብለሽኛል። ለአምስት ዓመቷ ትንሿ ሁለት ዓመት ብዙም አያስጨንቅም። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅም የከፋ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ትልቋ ግን 9ኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ የእሷ ነገር ብቻውን ሊታሰብበት ይገባል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። በአሜሪካው ሥርዓት የእያንዳንዱ ዓመት ውጤት በየዓመቱ ይዘጋል፣ ልጅቷ ትራንስክሪፕቷን ይዛ ብትመለስ የተማረችው ይቆጠርላታል። የእንግሊዞቹ የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ እንዲህ አይደለም። 9ኛንና 10ኛን ይዞ የሚሄድ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፣ ውጤቱም በአብዛኛው በመጨረሻ በሚሰጠው ፈተና ላይ ያርፋል። 9ኛን ጀምራ 10ኛን እስክትጨርስ እዚህ ከቆየች መልካም ነው፤ መሐል ላይ ተነሥታ ከሄደች ግን በእጇ የምትይዘው የተሟላ ነገር የለም። አይቢ ዲፕሎማ የሚባለው ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት፣ 11ኛንና 12ኛን፣ በአንድ ላይ የሚይዝ ነው። ተማሪው ስድስት የትምህርት ዓይነት ይወስዳል፣ ረጅም የጥናት ጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ለማኅበረሰቡ አገልግሎት ይሰጣል። 12ኛ ክፍል ላይ መጥቶ የሚገባበት በር የለውም። እንግዲህ ኮንትራቱ በሁለት ዓመት ሊያበቃ የሚችል ከሆነ ለትልቋ የአሜሪካውን ሥርዓት እመርጥላታለሁ፤ አራት ዓመት እንደምትቆዩ እርግጠኛ ከሆናችሁ ግን አይጂሲኤስኢውም አይቢውም ይሆናታል። ለሦስቱም አንድ ትምህርት ቤት ካልተገኘ ብላችሁ አትጨነቁ። ለትልቋ የሚበጀው ለትንሿ ላይሆን ይችላል።

ከእኛ ሰፈር አቅራቢያ፣ በአሮጌው አየር ማረፊያ በመካኒሳ መንገድ ላይ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውያን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመው ኢንተርናሽናል ኮሙኒቲ ስኩል አለ። የዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች በብዛት የሚማሩበት ነው፣ አይቢ ዲፕሎማም ያስተምራል፤ ክፍያው ግን በከተማው ከከበዱት ነው። ወደ ከተማው መሐል ስትሄጂ እንግሊዛዊቷ ክርስቲን ሳንፎርድ የመሠረቱት ሳንፎርድ አለ። በ1947 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰየመው ሊሴም አለ። የጀርመኑና የጣሊያኑም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ መንገድ እንዳለው አትርሺ። በሊሴ የጀመረ ልጅ ወደ ፈረንሳዩ ባካሎሬያ ነው የሚያመራው፤ ፈረንሳይኛ ያልሰማ የ14 ዓመት ልጅ እዚያ ማስገባት ልጁን ማሠቃየት ነው፣ የአምስት ዓመት ልጅ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ይለምደዋል።

ከእነዚህ ሌላ በየመንገዱ፣ ከጀርመን አደባባይ እስከ ኃይሌ ጋርመንት፣ «ኢንተርናሽናል» የሚል ታፔላ ታያለሽ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የትምህርት ቤትን ስም የሚያወጣው ግን ባለቤቱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአገራችንን ሥርዓተ ትምህርት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያስተምሩ አሉ፣ ይህም ነውር የለበትም፣ ጥሩ አስተማሪ ካላቸው ጥሩ ናቸው። ነውሩ የሌላቸውን ዕውቅና እንዳላቸው አድርገው ማስከፈላቸው ነው። ስለዚህ የሚሉሽን በጆሮሽ ብቻ አትቀበዪ። ካምብሪጅም ሆነ አይቢ ዕውቅና የሰጧቸውን ትምህርት ቤቶች በየአገሩ ዘርዝረው በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ስሙን ራስሽ ፈልጊው። ካላገኘሽው ትምህርት ቤቱን «ተማሪዎቻችሁ ፈተናውን በየትኛው ማዕከል፣ በማን ስም ይቀመጣሉ?» ብለሽ ጠይቂ። በተጨማሪም ከከተማ አስተዳደሩ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ያገኘውን ፈቃድ፣ ለየትኛው የክፍል ደረጃ እንደተሰጠ ጭምር፣ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። አረንጓዴውን ሜዳና የመዋኛ ገንዳውን ያሳዩሻል፤ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለውን ያን ጊዜ አስቢው።

የክፍያውን ነገር ባለቤትሽም ይስማኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደመወዛቸው በብር ሆኖ ክፍያው በዶላር የተሰላባቸው ወላጆች ልጆቻቸውን በመሐል አስወጥተዋል። አሁን ደመወዛችሁ በዶላር ነው፣ የትምህርቱንም የባለቤትሽ ድርጅት ይከፍላል፤ ኮንትራቱ አልቆ እዚህ ለመቅረት ብትወስኑስ? የሦስት ልጅ ክፍያ በአንድ ጊዜ ከራሳችሁ ኪስ ሊወጣ ነው። ከወርሃዊው ወይም ከተርሙ ክፍያ ሌላ የምዝገባ፣ የልማት፣ የሰርቪስ፣ የዩኒፎርም፣ ለካምብሪጅ የሚላክ የፈተና ክፍያ አለ። ሁሉንም በጽሑፍ እንዲሰጡሽ አድርጊ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ሊጨምር እንደሚችልም ጠይቂ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንዳይደርስባችሁ።

መንገዱንም አትናቁ። ለቡ ቤት ተከራይቶ ሲኤምሲ ልጅ ማስተማር ልጁን በየቀኑ በቀለበት መንገድ ላይ ማዋል ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከለቡ ተነሥቶ ሳርቤት ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ በሥራ ቀን ነድተሽ እዪው፤ በእሑድ የነዳሽው አይታመንም። ትምህርት ቤቱን መጀመሪያ ምረጡ፣ ቤቱን ከዚያ በቅርብ ተከራዩ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ነገር ልምጣ። እነዚህ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ በስልክ ስንነጋገር እሰማችኋለሁ፣ ጥያቄው በአማርኛ፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ከመጡ በራሱ ይስተካከላል ብለሽ ታስቢ ይሆናል። አይስተካከልም። በእንግሊዝኛ ግቢ ውስጥ ውለው፣ በሰርቪስ ተመልሰው፣ ማታ የአሜሪካ ፊልም የሚያዩ ልጆች አዲስ አበባ ላይ አሥር ዓመት ኖረው ከአያታቸው ጋር ሳይጨዋወቱ የቀሩ አሉ። ይህ የሚያሳዝነኝን ያህል ሌላ የሚያሳዝነኝ የለም። እናትሽ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እነዚህን ልጆች ለማጫወት ያላት ቋንቋ አንድ ብቻ ነው።

የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ታስታውሻለሽ? በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በሕፃንነታቸው የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው ሕንድ አሳደጓቸው፤ እዚያ ተምረው ሐኪም ሆኑ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው ሲመጡ ሕክምናው ነበራቸው፣ የሳሱለት ወገን ነበራቸው፤ የእናታቸው ቋንቋ ግን ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር። ሙሉ ሰው ከሆኑ በኋላ ነው እንደገና መማር የነበረባቸው። ተማሩትም። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ከመሪዎቹ አንዱ ለመሆን በቅተዋል። ለዚያ ሕፃን ቋንቋውን የሚጠብቅለት ሰው በአጠገቡ አልነበረም፣ የሚወቀስም የለም። የእኛ ልጆች ግን እናት አላቸው፣ አባት አላቸው፣ አያት አላቸው። በእኛ እጅ ሆነው ቢጠፋባቸው ምን ብለን እንመልሳለን?

ስለዚህ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ጋር ስትነጋገሪ የአማርኛውን ነገር ከሒሳቡ እኩል ጠይቂ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? አስተማሪው ማነው? ከውጭ ለመጡ ልጆች ለብቻ የሚሰጥ ክፍል አለ ወይስ «አያውቁም» ተብለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲቀመጡ ይደረጋል? ልጆች በግቢ ውስጥ አማርኛ ሲናገሩ ቢገኙ ቅጣት የሚያስከፍሉ፣ ስማቸውን ጽፈው የሚለጥፉ ትምህርት ቤቶች በዚህች ከተማ አሉ። እንዲህ ያለውን ብታገኚ ፎቁ ምንም ቢያምር ዞረሽ አትይው። የራሱን ቋንቋ መናገር ጥፋት ነው ተብሎ የተቀጣ ልጅ በእናቱና በአባቱ ማፈር ይጀምራል።

ትምህርት ቤቱ ያልሞላውን እናንተ ሙሉት። ፊደሉ 33 ረድፍ በ7 ነው፣ 231 ሆሄ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ አስተማሪ ቤት ቢመጣለት። ለትልቋ ፊደሉን ከቆጠረች በኋላ ጋዜጣ ስጫት፣ የታክሲ ታፔላ አስነብቢያት፣ ገበያ ላኪያት። በአይቢው ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሥነ ጽሑፍ እንዲማር የሚፈቀድበት አሠራር አለ፤ እዚያ ከደረሰች ለአማርኛ ይቻል እንደሆነ ጠይቁላት። ከጀሞ ትንሽ ካለፋችሁ ደግሞ ሸገር ከተማ ነው፤ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችም አፋን ኦሮሞ ይሰጣል። ለሦስቱም ይጠቅማቸዋል፣ ትንሿማ በአንድ ዓመት ትለምደዋለች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ማለት ለቋንቋም ይሠራል።

«የአገሩን ሥርዓተ ትምህርትስ እናስተምራቸው ወይ?» ብለሻል። ለትልቋ አይሆንም፤ 9ኛ ላይ ገብታ 12ኛን በማታውቀው መንገድ መድረስ ይከብዳታል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከግማሽ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሰምተው ብዙ ወላጆች ሸሽተዋል። እኔ ግን ለትንሿ አልሸሽም። ቁጥሩ የሁሉንም ትምህርት ቤት እኩል አይናገርም፤ መቶ በመቶ ያሳለፉም አሉ፣ አንድም ያላሳለፉም አሉ። አገር ውስጥ ለመቅረት ከወሰናችሁ ለትንሿ በሰፈራችሁ ያለ፣ ክፍሉ ያልተጨናነቀ፣ አስተማሪዎቹ የማይቀያየሩ የግል ትምህርት ቤት ይበቃታል። 8ኛ ክፍል ስትደርስ በሚኒስትሪው ፈተና አማርኛ ራሱ እንደሚጠየቅ ግን ከወዲሁ እወቂው።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኚ ዳይሬክተሩ ቢሮ ብዙ አትቆዪ። በእረፍት ሰዓት ሂጂና ግቢውን እዪ፤ ልጆቹ ሲጣሉ ማን እንደሚያስታርቃቸው፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ እንዳለው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው መጽሐፍ የተነበበ ይሁን ለጌጥ የተደረደረ እዪ። አስተማሪዎቹ ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠይቂ። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ኮንትራት ስለሆነ ልጁን የሚያውቁት ገና ሲጀምሩ ይሄዳሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ኢትዮጵያዊ አስተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት በእኔ ሚዛን ከባድ ነው። ሰርቪስ ጠብቀው በር ላይ የቆሙትን ወላጆች አነጋግሪ፤ እውነቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የሁለቱን ታላላቆች የሦስት ዓመት ውጤት ማኅተም ያለበት፣ የሦስቱንም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርዳቸውን ይዛችሁ ኑ። ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዙ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸውን፣ ቢጫ ካርድ የምትሉትን፣ እዚያው ሳላችሁ በዋሽንግተኑ ኤምባሲ አሠሩ፤ መብቱ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠ ነው። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ነው የሚጀምሩት፣ ቦታውም ከዚያ ቀደም ብሎ ይሞላል። የትልቋን ትራንስክሪፕት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ላኪልኝ፤ እኔው ይዤው መካኒሳና ሳንፎርድ ድረስ እሄዳለሁ፣ የሚሉኝንም ማታውኑ ደውዬ እነግርሻለሁ።