ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው ዕዳ



አንድ ሰው ከባድ ዐውሎ ነፋስ እንደሚመጣ አስቀድሞ ቢሰማ ምን ማድረግ ይገባዋል? «ይህማ ምን ጥያቄ አለው! ቤቱን ያጠናክራል፣ ውኃና ስንቅ ያዘጋጃል፣ ልጆቹን ይዞ ይሸሻል» የምትሉ ብዙዎች ትሆናላችሁ። መልካም ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። ይኸው ሰው የራሱን ቤት ካጠናከረና የራሱን ልጆች ካሸሸ በኋላ ግዴታውን ፈጽሟል ማለት ይቻላልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

ጥያቄውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን በክረምት መግቢያ ላይ ብርቱ ነፋስ ይነሣ ነበር። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር አባቴ ጣራው ላይ ወጥተው በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይጭናሉ፤ እኔም ከታች ሆኜ አቀብላቸዋለሁ። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ሳቀብል፣ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት ጎረቤታችን ጣራ ጠርዙ ተላቆ ሲርገበገብ አየሁ። ለአባቴ ግን አልነገርኋቸውም። እጄ ዝሎ ስለ ነበር፣ ብናገር ሌላ ሥራ እንደሚጨመርብኝ ዐውቄ ዝም አልሁ። በዚያች ሌሊት ነፋሱ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ወሰደው። ሴትዮዋም ከነልጆቻቸው በዝናብ ሲበሰብሱ አደሩ። ጠዋት ሰፈርተኛው ሁሉ ሲያዝንላቸው እኔም አብሬ አዘንሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ነፋሱን እኔ አላመጣሁትም፤ የተላቀቀውን ቆርቆሮ ያየሁት ግን እኔ ነበርሁ።

ይህ የአንድ ጣራ ነገር ነው። በአንድ ሕዝብ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለመረዳት የባንግላዴሽን ታሪክ እንመልከት። ባንግላዴሽ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ የምትገኝ፣ አብዛኛው ክፍሏ ታላላቅ ወንዞች ባመጡት ደለል የተሠራ ዝቅተኛ ምድር ናት። ዐውሎ ነፋስ በባሕሩ ላይ ሲነሣ ውኃውን እየገፋ ወደ የብስ ያመጣዋል። ባሕረ ሰላጤው ወደ ዳር እየጠበበና ጥልቀቱ እያነሰ ስለሚሄድ ውኃው መሄጃ አጥቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ በዚያ አገር ሰውን አብዝቶ የሚፈጀው ከነፋሱ ይልቅ ይህ ውኃ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1970፣ አገሪቱ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በሌሊት የደረሰው ዐውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰዎችን ፈጀ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ነፋሱ በድብቅ የመጣ አልነበረም። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች አስቀድመው አይተውት ነበር፤ በሬዲዮም ተነግሯል። ይሁን እንጂ ብዙው ድኻ ሬዲዮ አልነበረውም። ከሰሙትም ብዙዎቹ የአደጋውን ክብደት አልተረዱም፤ የተረዱትም የሚሸሹበት ከፍ ያለ ሥፍራ አላገኙም። ዕውቀቱ ነበረ፤ ዕውቀቱን ይዞ ከደጅ ደጅ የሚሄድ ሰው ግን ጠፋ።

ከዚህ መከራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በቀይ መስቀል አማካይነት የዐውሎ ነፋስ ዝግጅት ፕሮግራም ተጀመረ። ሥራው የሚሠራው በመንደር በጎ ፈቃደኞች ነው። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው በያዙት የድምፅ ማጉያ እየጮኹ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ አደጋው እየከበደ በሄደ ቁጥር የሚሰቅሉት ባንዲራ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ይጨምራል። በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ መጠለያዎችም ተሠሩ፤ ብዙዎቹ በደኅናው ቀን ትምህርት ቤት ናቸው። ለከብቶች እንኳ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተበጀላቸው፤ ላሙን ትቶ መሸሽ የማይሆንለት ገበሬ አለና። ገበሬን የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም።

ፍሬው ግን ወዲያው አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1991 በደረሰው ዐውሎ ነፋስ ከ130,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ሴቶችና ሕፃናት ይበዙ ነበር። መጠለያው ጥቂት ነበር፤ ለሴቶች የተመቸ አልነበረም፤ ባሏ እስኪመጣ ቤት የጠበቀችም ብዙ ናት። ከዚያ ወዲህ መጠለያው ተጨመረ፣ ሴቶችም በበጎ ፈቃደኝነት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ከባድ ዐውሎ ነፋስ ሲደርስ የሞቱት 3,400 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ በባንግላዴሽ የሞቱትም በዐሥር ቤት የሚቆጠሩ ሆኑ። ነፋሶቹ ሁሉ በጉልበት እኩል ነበሩ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰው ለሰው አስቀድሞ መድረሱ ያመጣውን ልዩነት ማንም ሊክደው አይችልም።

እንግዲህ ሁለት ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የመጀመሪያው «የታዘዘ አይቀርም» የሚለው ነው። ኖኅ መርከብ የሠራው እምነት ስላጣ ነበርን? ስላመነ አይደለምን? ለራሱ ጣራ ድንጋይ ጭኖ ለጎረቤቱ ጣራ «የታዘዘ አይቀርም» የሚል ሰው ስንፍናውን በእምነት ስም ይሸፍናል እንጂ አላመነም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ዝግጅት ኑሮን ያናጋል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ካሰረ ለማታ የሚበላው የለውም። ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ሊያልፍም ይችላል፤ ያን ጊዜ ያስጠነቀቀው ሰው መሳቂያ ይሆናል። ይህ እውነት ነው። በከንቱ የታደረች አንዲት ሌሊት ግን ከጠፋች ነፍስ ትቀላለች፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው። ደግሞም ማስጠንቀቂያው ለሁሉ እኩል ቢነገር እንኳ የመሸሽ ዐቅም እኩል አይደለም። ጎተራው ለሞላ ሰው ዝግጅት የጥቂት ቀን መጉላላት ነው፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ለሚያገኝ ግን ረሃብ ነው። ስለሆነም «ለምን አልሸሸም?» ብለን ከመፍረዳችን በፊት «ምን በልቶ ይሽሽ? ሽማግሌ አባቱንስ ማን ይሸከምለት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። የዝግጅት ግዴታ በራሳችን ደጃፍ ላይ አያበቃም የምለውም ስለዚህ ነው።

ወጣቶች ሆይ! እኛ የምንኖረው ከባሕር ርቀን ነው። ነገር ግን የተማርን በመሆናችን ብዙውን ነገር ከሌላው ቀድመን እንሰማለን፣ እናነባለን። ቀድሞ መስማት ክብር ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። ጎረቤታችን ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አያውቁም። ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ስመለስ ልነግራቸው አስቤአለሁ። ከዚያ በፊት ግን ክረምቱ ሳይገባ ጣራቸው ላይ መውጣት ይኖርብኛል። እናንተም እስኪ በየሰፈራችሁ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ የማን ቆርቆሮ ተላቋል?