ቆርኪና ፍጥረት

ልጅ ከተጣለ ዕቃ መጫወቻ ሲሠራ ፈጠረ ይባላል? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ካለመኖር የተገኘውን እምኀበ አልቦ፣ ከተፈጠረው የተፈጠረውን ደግሞ ግብር እምግብር ይለዋል። እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት ካለመኖር ተገኙ፤ የአዳም ሥጋ ግን ከእነዚሁ ተበጀ። ክቡሩ ፍጥረት ከነበረ ነገር መሠራቱ ክብሩን ካልቀነሰው፣ የሥራ ዋጋ በጥሬ ዕቃው አይለካም። ካለመኖር ማስገኘት የአምላክ ብቻ ነው፤ ያለውን ወደ አዲስ መልክ ማምጣት ግን ለሰው የተሰጠ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰፈር ልጅ የዘይት ጄሪካን ቆርጦ የመኪና አካል ያደርገዋል፤ ጎማ የሚሆኑትን ቆርኪዎች መሐላቸውን በሚስማር በስቶ ሽቦ ያሳልፍባቸዋል። ቀዳዳው ጥቂት ከሳተ ጎማው እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ልጁም ፈትቶ እንደገና ይበሳል። ቆርኪው ቆሻሻ የነበረው በእኛ ፍርድ እንጂ በባሕርዩ አልነበረም።

ይህ ድህነትን ማሞገስ ነው የሚል ይኖራል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፦ መግዛት ያልቻለ ወላጅ ምርጫ የለውም፣ ቆርቆሮ እጅ ይቆርጣል፣ የፀረ ተባይ መያዣ የነበረ ዕቃም ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ሆኖም ችግር ሥራውን አስጀመረው እንጂ ዋጋ አልሰጠውም፤ ጎማውን ያሽከረከረው የልጁ ማስተዋል ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሱቅ መጫወቻ ልጅን ባለቤትና ተጠቃሚ እንጂ ፈጣሪ አያደርገውም ሲል የወቀሰው የአገሩን የፈረንሳይን መጫወቻ ነው። ስለዚህ የመፍጠር ጉድለት ገንዘብ ባለበት ቤትም አለ።