ጤፍ ነው ተብሎ አይጠገብም

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ያህል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ሕመሙ ከቀሪው የአገሩ ነዋሪ ይልቅ በእነሱ ላይ በረታ። የተለወጠው ደማቸው አይደለም። እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት መጋገር ጀመረ፤ ለስላሳ የዘወትር መጠጥ ሆነ፤ ዳገት ወጥቶ ገበያ ይውል የነበረ ሰው አውቶቡስ ለመደ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ደግሞ በሽታው ቀጫጭኖቹንም መያዙ ነው።

የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ከተሜም ያንኑ መንገድ አውሮፕላን ሳይሳፈር እየተጓዘው ነው።

«ጤፍ ለስኳር በሽተኛ ምንም አያደርግም» የሚለው ወሬ ብዙዎችን አዘናግቷል። ጤፍ ከነጭ ዱቄት እንደሚሻል አያከራክርም፤ አሰር አለው፣ ብረት አለው። ቢሆንም እንጀራም ሲፈጭ ወደ ስኳር ይለወጣልና መጠኑ መታሰብ አለበት። በጾም ፓስታን ወይም ድንች ወጥን በእንጀራ የሚበላ ሰው ስኳርን በስኳር ላይ እየደረበ ነው። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን በዛ ቢያደርግ ያው ገበታ ይጠቅመዋል። «በሞቴ» እያሉ የሚያጎርሱ ዘመዶችም ፍቅራቸውን በጎመኑ በኩል ይግለጹ።

መጠጡ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ አንድ ጠርሙስ ኮካ ብቻውን 30 ግራም ያህል ይይዛል። ማርም ያው ስኳር ነው።

ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ሲጾም የደሙ ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ካላበውና እጁ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ፈቃድ አላቸው፤ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን፣ ከዚያም የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ያማክር። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ግን የለበትም።

ወላጆቹ ስኳር ያለባቸው ሰው ሕመም ሳይሰማው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ በባዶ ሆዱ ይመርመር። ውጤቱ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ በሽታው አለ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ገና ጊዜ አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደታቸውን ጥቂት የቀነሱና በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱ ተጋላጮች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።