የተሰወረ ጉዳት፤ ስለ አሮጌ መኪና ሞተርና ላለማወቅ ስለ መሸሽ

ሰው በዐይኑ ያላየውን ነገር በምልክት ያውቃል። ጢስ ባየ ጊዜ እሳት አለ ይላል፤ በሬው ሣር እንቢ ባለ ጊዜ ታሟል ይላል። ይህም ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም፥ ምልክቱ ደጅ ቆሞ ሲጣራ ሰምቶ በሩን ላለመክፈት የመረጠ ሰው፥ «አላውቅም ነበር» ብሎ ከበደል ሊነጻ ይችላልን? የሚል ነው። ፈላስፎች ይህን ጥያቄ በመርከብና በቤት መስለው መርምረውታል። እኛ ግን በየከተማው ጐዳና ላይ በምናየው ነገር፥ በአሮጌ ፒክአፕ መኪና ሞተር ልንመረምረው እንወዳለን፤ ውስጡ እንዲህ የተሰወረ ምልክቱም እንዲህ የበዛ ሌላ ነገር በቀላሉ አይገኝምና።

«ውስጡን ለቄስ» ይላል ያገራችን ሰው፥ ላዩ አምሮ ውስጡ ያልታወቀ ነገር ሲያይ። የሞተርን ውስጥ ግን ቄሱም አያውቀው፤ መካኒኩም ቢሆን ሳይከፍት አያየውም። ሞተር የተዘጋ የብረት ሣጥን ነው። ልክፈተው ያለ እንደ ሆነ፥ ከላይ ቴስታታውን ማንሣት፥ ከሥር የዘይቱን ሳሕን ማውረድ፥ ጓርኒሲዮኑን ሁሉ አዲስ መግዛት፥ መኪናውንም ብዙ ቀን ያለ ሥራ ማቆም ግድ ይሆንበታል። ዕድሜው ሠላሳና አርባ ዓመት ለሆነ መኪና ይህ ወጪ አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ደግሞም በከንቱ የተከፈተ ሞተር መልሶ እንደ ቀድሞው የሚገጠመው በጥሩ ባለሙያ እጅ ብቻ ነው፤ አለዚያ ነገሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው ይሆናል። ስለዚህ የመካኒክ ጥበብ የሚፈተነው ሣጥኑ ሳይከፈት ነው፤ ሥራውም ወንጀሉ ሲሠራ ካላየ፥ ምስክሮችን ግን ከሚሰማ ዳኛ ሥራ ጋር አንድ ነው።

ምስክሮቹም ብዙዎች ናቸው። ጢሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ግን ቤንዚኑ ስለ በዛ ነውና የውስጥ ጉዳት ላይሆን ይችላል። ከሞተሩ ታች የሚመጣ፥ ጭነት ሲበዛበት የሚበረታ፥ መዶሻ የመሰለ ድምፅ ደግሞ የቢየላው ብሮንዚና መበላቱን ያመለክታል። ይህንንም ለማረጋገጥ መካኒኩ የካንዴላዎቹን እሳት አንድ በአንድ ያቋርጣል፤ የአንዱ እሳት ሲቋረጥ ድምፁ ከቀነሰ፥ ግፊቱ ስለ ቀለለለት ነውና የታመመው የዚያ ሲሊንደር ቢየላ እንደ ሆነ ይታወቃል። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የማምነው ዘይቱን ነው። ፊልትሮ የተባለውን የዘይት ማጣሪያ ቀዶ እጥፋቱን በብርሃን ለዘረጋው ሰው፥ የሞተሩ የውስጥ ታሪክ እዚያ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከብረትና ከአረብ ብረት የተፋቀ ነው፤ ማግኔት የማይስበው፥ ነሐስ ወይም ብር የሚመስል ብልጭታ ግን ብዙ ጊዜ ከብሮንዚናው የመጣ ነው፤ ብሮንዚና የሚለበጠው በእርሳስ፥ በቆርቆሮ፥ በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ነውና።

ምስክር ግን ሁሉ እኩል አይታመንም። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ያየ ሰው ወዲያው ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ብሎ ይፈርዳል፤ ሆኖም በብርድ ወራት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ጤነኛ ሞተርም፥ ላቡ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይህንኑ አረፋ ያሳያል። ስለዚህ የሳሕኑን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ ልክ ሳያዩ መፍረድ አይገባም።

ያለ በቂ ምርመራ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም የራሳችንን ከተማ የሚነካ ነው። ቶዮታ ሂሉክስ የተባለው ፒክአፕ በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1968 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ በ1980ዎቹ በብዙ አገር የተገጠመለት 22አር የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በጥንካሬው የተመሰገነ ነው። የሠሪው መጽሐፍ እንደሚያዘው፥ ሞተሩ ሞቆ፥ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወልቀው፥ የአየሩ መግቢያ ፈጽሞ ተከፍቶ ግፊቱ ሲለካ፥ በየሲሊንደሩ ውስጥ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ሊገኝ ይገባል፤ ከ10 ቢያንስ ወይም በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ቢበልጥ ሞተሩ ታሟል። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚለካ መካኒክ ምን ያገኛል? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩም ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር እዚህ 9 ያህል ብቻ ያሳያል። መጽሐፉን ቃል በቃል የያዘው ሰው፥ አራቱም ሲሊንደሮች በአንድነት 9 ሲያሳዩት «ፋሻው አልቋል፥ ሞተሩ ይከፈት» ብሎ በጤነኛው ላይ ይፈርዳል፤ ባለቤቱም ያለ ዕዳው ይከፍላል። አስተዋዩ መካኒክ ግን ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ያስተያያል። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ቢሆን፥ ያን ጊዜ የበሽታው ስፍራ ተገኘ።

ከዚያም በደከመው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምሮ እንደ ገና ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ፥ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ስለ ደፈነ ነውና ጉዳቱ በፋሻው ወይም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከፍ ካላለ ነገሩ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። ይህም ካልበቃው ፒስቶኑን ጫፍ አድርሶ የታመቀ አየር በካንዴላው ቀዳዳ ይነፋበትና ጆሮውን ያዘነብላል፤ አየሩ በጢስ መውጫው ሲያፏጭ አንዱ ቫልቭ፥ በአየር መግቢያው ሲያፏጭ ሌላው ቫልቭ፥ በዘይት መሙያው ሲያፏጭ ፋሻው፥ በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ሲፈላ ጓርኒሲዮኑ ወይም የተሰነጠቀ ብረት ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ መለኪያ፥ ጥቂት መፍቻና ግማሽ ቀን እንኳ የማይሞላ ጊዜ ይበቃል። ይህን የምጽፈው አንባቢ መካኒክ እንዲሆን ብዬ አይደለም፤ ስለ መኪናው «ማወቅ አልቻልሁም» የሚል ሰው ይህን ያህል በቀረበ ነገር ላይ እንደሚናገር እንዲታይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የዚሁ የ22አር ሞተር አንድ የታወቀ ድካም አለበት። ከፊቱ ያለው ሰንሰለት የሚደገፍበት መሪ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በዕድሜ ብዛት ሲሰበር ሰንሰለቱ ላልቶ የፊቱን ክዳን ግድግዳ ይመታል። ባለመኪናው መጀመሪያ የሚሰማው በማለዳ ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት የሚንቋቋ ድምፅ ነው፤ ድምፁም ወዲያው ስለሚጠፋ «አርጅቷልና ይሳል» ብሎ ይተወዋል። ሰንሰለቱ ግን ቀን በቀን የአሉሚኒየሙን ክዳን እየሞረደ፥ በመጨረሻ ከግድግዳው ኋላ ያለውን የውሃ መተላለፊያ ይከፍተዋል። ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ብሮንዚናውን ሊሸከም ስለማይችል ብሮንዚናው ይበላል፤ ቢየላው መምታት ይጀምራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው፤ በአንድ ሰንሰለትና በሁለት መሪ ዋጋ ይድን የነበረው ሞተር በሙሉ ይጠፋል።

ይህ ሰው መኪናውን ለመሸጥ አሰበ እንበል። ሦስት መንገድ አለው። አንዱ የታወቀ ማታለል ነው፤ ወፍራም ዘይትና ማወፈሪያ ጨምሮ ድምፁን ለጥቂት ቀን ዝም ማሰኘት፥ ወይም የዘይቱን ግፊት የሚያስታውቀውን ቀይ መብራት አምፖሉን ማውለቅ። ስለዚህኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሐሰት የሚናገር ሰው በአንደበቱ ይዋሻል፤ ይህ ግን ምስክሩን አፍኖ ሐሰት ያስመሰክራል፤ የገዛውም ሰው ለራሱ ጆሮ እንኳ ሊያምን አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ መርምሮ የተገኘውን መናገር ነው። ሦስተኛው ግን ብዙ ደኅና ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ይኸውም አለማስመርመር ነው። «መካኒክ ቢያየው አንድ ነገር ይለኛል፤ ከነገረኝ በኋላ ደብቄ ብሸጥ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ ስለዚህ ሳላውቅ ልሽጠው» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ውሸት ይፈራል፤ በዚያም ራሱን ቅን ሰው አድርጎ ያያል።

ዊልያም ክሊፈርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ስለዚህ ነገር የጻፈው ጽሑፍ አለ። ባለመርከቡ መርከቧ እንዳረጀች እያወቀ፥ ብዙ ጊዜ በደኅና ተመልሳለች ብሎ ጥርጣሬውን በውስጡ አፍኖ፥ ስደተኞችን ጭኖ ይልካታል፤ በባሕር መካከልም ትሰጥማለች። የክሊፈርድ ፍርድ፥ ባለመርከቡ ደኅና ናት ብሎ በእውነት አምኖ ቢሆንም በደለኛ ነው፤ በያዘው ማስረጃ ያን ማመን መብቱ አልነበረምና፤ መርከቧ በደኅና ብትደርስ እንኳ በደሉ አይቀርም የሚል ነው። ይህ የመጨረሻው ቃል ለብዙ ሰው የከበደ ይመስለዋል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። የመኪናችን ሻጭ ሞተሩ ቢየላ ሳይሰብር ሁለት ዓመት ቢሄድ፥ ያዳነው የሻጩ ቅንነት ሳይሆን ዕድል ነው። ይልቁንም ይህ ሰው የሚሸሸው ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ምርመራን አይፈራም፤ እንዲያውም ዋጋ ይጨምርልኛል ብሎ ይወደዋል። ምርመራውን መፍራቱ ራሱ መልሱን አስቀድሞ መገመቱን ይመሰክርበታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ44 ዓመት ኪኬሮ የተባለው ሮማዊ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፉ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ዲዮጋንስ ዘባቢሎን፥ ጉድለት ያለበትን ቤት የሚሸጥ ሰው ዝም ቢል አልዋሸም፤ ገዥውን ግዛ ብሎ አላስገደደው፤ ገዥውም የራሱ ዐይን አለው ይላል። አንጢጳጥሮስ ግን፥ ዝምታው ሌላውን ሰው እያወቁ ወደ ጥፋት መምራት ነው ብሎ ይመልሳል፤ ኪኬሮም ከዚህኛው ጋር ይቆማል። የዲዮጋንስ ቃል የሚጸናው የገዥና የሻጭ ዕውቀት እኩል ሲሆን ነው። በአሮጌ መኪና ግን እኩል አይደለም፤ ሻጩ የማለዳውን ድምፅ ዓመት ሙሉ ሰምቶታል፥ ገዥው የሚያየው የሞቀና የታጠበ ሞተር ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እንዳስረዳው፥ ይህ ዓይነት ገበያ ገዥው ደጉን ከክፉው መለየት ስለማይችል ለሁሉ መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፥ የሚቀሩትም የተበላሹት ናቸው። እንግዲህ የሻጩ ዝምታ የሚጐዳው አንዱን ገዥ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ገበያ የሚቆመውን እውነተኛ ሻጭም ዋጋ ያሳጣዋል።

ሆኖም ባለመኪና ሁሉ ሊሸጥ ባሰበ ቁጥር ሞተሩን ማስከፈት አለበት ማለቴ አይደለም። የመመርመር ግዴታ በምልክቱ ብርታትና በሚያስከትለው አደጋ መጠን ነው። ምንም ድምፅና ጢስ የሌለው፥ ዘይቱ ንጹሕ የሆነ መኪና ያለው ሰው በደኅና ኅሊና «እኔ የማውቀው ጉድለት የለውም» ሊል ይችላል። ቢየላው የሚመታውን ፒክአፕ ግን አንዱ ገዝቶ ከኋላ ሰውና እህል ጭኖበት ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድበታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፥ ሞተሩም በማርሽ ነው። ሞተሩ በድንገት ተሰብሮ የቆመ እንደ ሆነ የፍሬኑም ረዳት ኃይል አብሮ ይደክማል።

መርምሮ ጉዳቱን ያወቀ፥ ማሳደሻ ገንዘብ ግን የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ? አራቱን የግፊት ቍጥሮች፥ ዘይት ከተጨመረ በኋላ የተገኘውንም፥ በፊልትሮው ውስጥ የታየውንም በአንድ ወረቀት ጽፎ ለገዥው ይስጥ። ዋጋው ይወርዳል። ነገር ግን ሁሉም ገዥ አይሸሽም፤ ፋሻው የደከመ፥ ብሮንዚናው ግን ጤነኛ የሆነ ፒክአፕ ዘይቱ እየታየ ቢጨመርለት በከተማ ውስጥ አሸዋና ጡብ ሲያመላልስ ገና ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ ይህን ዓይነት መኪና በልኩ ዋጋ የሚፈልግ ሰው አለ። ብሮንዚናው የተበላ ከሆነ ግን መኪናው በሌላ መኪና ተጐትቶ ወደ ገዥው ጋራዥ ይሂድ፤ ሻጩም ወረቀቱን ሲሰጥ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያሰማው፤ በማለዳ፥ ገና ሳይሞቅ።